ግማሽ ፍጡር የለም

የዓሣ ነባሪ ጆሮ ውስጥ አንድ ወፍራም አጥንት አለ። የመካከለኛውን ጆሮ ከሥር የሚሸፍን አጥንት ነው። አንደኛው ጠርዙ ከሌላው ተለይቶ ወፍሯል፣ ጠጥሯልም። ዛሬ በሕይወት ካሉ እንስሳት እንዲህ ያለ ጆሮ ያላቸው ዓሣ ነባሪዎችና ዘመዶቻቸው ዶልፊኖች ብቻ ናቸው። ስለዚህ የቅሪተ አካል ተመራማሪ ይህን አጥንት ሲያይ ብዙ አያመነታም። የዓሣ ነባሪ ወገን ነው ይላል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ፊሊፕ ጂንጅሪች ይህንኑ ምልክት ከፓኪስታን በመጣ አንድ የራስ ቅል ላይ አገኘው። ችግሩ ራስ ቅሉ የተገኘው ባሕር ባልነበረበት ቦታ ነው። አለቱ የወንዝ ደለል ነበር። አብረውት የተቀበሩት የየብስ እንስሳት ናቸው። ዕድሜው ወደ 50 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። እንስሳው በ1981 ፓኪሴተስ ተባለ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የተገኘው ጭንቅላቱ ብቻ ስለነበር ሰዓሊዎች ቀሪውን አካል በግምት ሞሉት። እግሮቹ ወደ መቅዘፊያነት የተጠጉ ዋናተኛ አድርገው ሣሉት። ዓሣ ነባሪ ሊሆን መንገድ የጀመረ እንስሳ፣ ግማሹ ከየብስ ግማሹ ከባሕር መሆን አለበት ብለው ነው መሰለኝ። በ2001 ከአንገት በታች ያለው አጥንት ይፋ ሲሆን ስዕሉ ተሻረ። ፓኪሴተስ ረጃጅምና ቀጫጭን አራት እግሮች ነበሩት። ተኩላ የሚያህል፣ በእግሩ የሚሄድ እንስሳ ነው። ጆሮው ግን የዓሣ ነባሪ ነው።

ስለ ቅሪተ አካላት ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል አስተሳሰቤን የለወጠው የለም። ዝግመተ ለውጥ ሲባል ብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ምስል አንድ ነው። አንድ እንስሳ ቀስ እያለ፣ መላ አካሉ እኩል እየተቀየረ፣ ወደ ሌላ እንስሳ ይሄዳል። መሃል ላይ ያለው ታዲያ ለሁለቱም የማይሆን ግማሽ ነገር ይሆናል። "እንዲህ ያለ ግማሽ ፍጡር እንዴት ይኖራል?" የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ምስል ይመነጫል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ድንጋዩ ውስጥ ስንፈልግ ግን ግማሽ ፍጡር አናገኝም። የምናገኘው ጆሮው ቀድሞ የተለወጠ፣ እግሩ ገና የቆየ፣ በዘመኑ ግን ምንም ያልጎደለው እንስሳ ነው።

ፓኪሴተስ ምን ይሠራ ነበር? አጥንቱ ወፍራምና ከባድ ነው። ይህ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሚራመዱ እንስሳት ጠባይ ነው፤ ክብደቱ ውኃው እንዳያንሳፍፋቸው ይረዳል። ዓይኖቹ ወደ ራስ ቅሉ አናት የተጠጉ ናቸው። አካሉን ውኃ ውስጥ ደብቆ ውጪውን መቃኘት ይችል ነበር። ጥርሱ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ዓይነት ሲመረመር ደግሞ ይጠጣ የነበረው የወንዝ ውኃ እንጂ የባሕር ውኃ አለመሆኑ ታወቀ። አንድ ጥርስ ከ50 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ባለቤቱ ምን ይጠጣ እንደነበር ይናገራል። ይህን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

ከእሱ ጥቂት ቆይቶ አምቡሎሴተስ መጣ። እሱም የፓኪስታን ነው። እግሮቹ አጠር ብለው መዳፎቹ ሰፍተዋል። አፉ ረጅም ነው። አዞ እንደሚያደርገው ውኃ ዳር አድፍጦ ያድን እንደነበር ይታሰባል። ቀጥሎ ማያሴተስ አለ፣ ከ47 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ። በ2009 ይፋ የሆነችው አንዷ ማያሴተስ ሆዷ ውስጥ ትንሽ አጽም ይዛ ተገኘች። ያገኟት ተመራማሪዎች ጽንስ ነው ይላሉ። ጽንሱ የተቀመጠው በጭንቅላቱ በኩል ሊወለድ ነው። የዛሬ ዓሣ ነባሪዎች ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በጅራቱ በኩል ነው የሚወለደው፤ ውኃ ውስጥ ስለሆነ ጭንቅላቱ ቀድሞ ቢወጣ ሳይተነፍስ ሊቆይ ይችላል። በጭንቅላት መወለድ የየብስ እንስሳት ልማድ ነው። እንግዲህ ማያሴተስ ባሕር ውስጥ እየዋኘች ታድናለች፣ ለመውለድ ግን ወደ ባሕር ዳርቻ ትወጣለች ማለት ነው።

ከዚያ ግብፅ እንገባለን። ከካይሮ በስተደቡብ ምዕራብ ዋዲ አል ሒታን የሚባል በረሃ አለ፤ የዓሣ ነባሪዎች ሸለቆ። በ2005 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አሸዋው ላይ የዓሣ ነባሪ አከርካሪዎች ተደርድረው ይታያሉ። አንድ ጊዜ ባሕር ነበረ። ባሲሎሳውረስ የሚባለው ግዙፍ፣ እስከ 15 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚረዝም ዓሣ ነባሪ እዚህ ተቀብሯል። ጂንጅሪችና ባልደረቦቹ በ1989 እዚያ ሲቆፍሩ ማንም ያልጠበቀውን አገኙ። የኋላ እግር። ጭን፣ ጉልበት፣ የጉልበት ሎሚ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጣቶች፣ ሁሉም አለ። ግን ትንሽ ነው። ያን ግዙፍ አካል ሊሸከም ቀርቶ ሊገፋው እንኳ አይችልም። ዳሌውም ከአከርካሪው ጋር አልተያያዘም። ዛሬ ያሉት ዓሣ ነባሪዎችም ሥጋቸው ውስጥ የተቀበሩ ትንንሽ የዳሌ አጥንቶች አሏቸው፤ በአብዛኞቹ ከውጭ የሚታይ የኋላ እግር ግን የለም።

አንድ ነገር ይቀራል። ዓሣ ነባሪዎች ከየትኛው የየብስ ወገን ወጡ? የቅሪተ አካል ሰዎች በጥርስ መመሳሰል ተነሥተው ሜሶኒኪድ የሚባሉ የጠፉ ሥጋ በሎች ናቸው ይሉ ነበር። የዘረ መል ተመራማሪዎች ደግሞ ዲኤንኤውን አይተው የለም፣ የዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመድ ጉማሬ ነው አሉ። ክርክሩ ጠንካራ ነበር። የፈታው የቁርጭምጭሚት አጥንት ነው። ላም፣ በግ፣ ግመልና ጉማሬን የመሳሰሉ ጥንድ ሸሆና ያላቸው እንስሳት በሙሉ ቁርጭምጭሚታቸው ውስጥ ሁለቱም ጫፉ እንደ ፑሊ የተቦረቦረ አጥንት አላቸው። ሌላ እንስሳ የለውም። በ2001 የጥንት ዓሣ ነባሪዎች ቁርጭምጭሚት ይፋ ሲሆን ይኸው ባለ ሁለት ፑሊ አጥንት ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወር፣ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ተመሳሳዩን አወጁ። ጂንጅሪች ራሱ የጉማሬውን ዝምድና ሲጠራጠር የነበረ ሰው ነው። አጥንቱን ሲያይ ሐሳቡን ለወጠ። ዲኤንኤ አንድ ነገር ተናገረ፣ ስለ ዲኤንኤ ምንም የማያውቅ ድንጋይ ደግሞ ያንኑ መሰከረ። ምስክሮች ሳይመካከሩ አንድ ቃል ሲሰጡ እንዴት አታምን?

የዓሣ ነባሪን ነገር ያስረዘምኩት ስለምወደው ብቻ አይደለም። ሌሎቹ ታሪኮችም በዚሁ መንገድ ስለሚሄዱ ነው።

ዓሣ ወደ የብስ የወጣበትን እንይ። ከ385 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበሩ አለቶች ውስጥ ሥጋማ ክንፍ ያላቸው ዓሦች አሉ። ከ365 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበሩት ውስጥ ደግሞ አራት እግር ያላቸው እንስሳት አሉ። ኒል ሹቢን፣ ቴድ ዴሽለርና ፋሪሽ ጄንኪንስ ቀላል ስሌት ሠሩ። በመካከል ያለውን እንስሳ ማየት የሚፈልግ በመካከል ያለውን አለት ይፈልግ። ዕድሜው 375 ሚሊዮን ዓመት የሆነ፣ ጥልቀት በሌለው ወንዝ የተቀመጠ ደለል ያስፈልጋቸው ነበር። ካርታ ዘረጉ። ካናዳ ውስጥ፣ ከሰሜን ዋልታ ብዙም በማይርቀው ኤልዝሚር ደሴት ላይ እንዲህ ያለ አለት አለ። በዚያ ዘመን ቦታው ከምድር ወገብ ብዙ የማይርቅ ሞቃት ምድር ነበር። አህጉራት ቦታቸውን ለቀዋልና።

በ1999 ወደ አካባቢው መሄድ ጀመሩ። በጋው አጭር ነው፤ የሚቆፈረው ጥቂት ሳምንት ብቻ። ባዶ እጃቸውን የተመለሱባቸው ጉዞዎች ነበሩ። በ2004 ከአለቱ ውስጥ ጠፍጣፋ አፍንጫ ብቅ ብሎ ታያቸው። ቲክታሊክ ነው። ቅርፊትና ስንጥብ አለው፤ ዓሣ ነው። ግን አንገት አለው። ዓሣ አንገት የለውም፤ ጭንቅላቱ ከትከሻው ጋር የተጋጠመ ስለሆነ ዞር ብሎ ማየት አይችልም። ቲክታሊክ ይችላል። ክንፉ ውስጥ ደግሞ አንድ የላይ ክንድ አጥንት፣ ሁለት የታች ክንድ አጥንቶች፣ ከዚያም የእጅ አንጓ አጥንቶች አሉ። ይህን ስታነቡ እጃችሁን ተመልከቱ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ትንንሾቹ። አደራደሩ ያው ነው። የሌሊት ወፍ ክንፍ ላይ፣ የዓሣ ነባሪ መቅዘፊያ ላይ፣ የፈረስ የፊት እግር ላይም መሠረቱ ያው ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ2010 ከፖላንድ የአራት እግር እንስሳ ኮቴ ነው የተባለ ዱካ ይፋ ሆነ። ዱካው ከቲክታሊክ ይቀድማል፤ ወደ 390 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በዱካው ላይ ክርክር አለ። እውነት ከሆነ ግን ቲክታሊክ የእግረኞች ሁሉ ቀጥተኛ አያት ሊሆን አይችልም። የአጎት ልጅ ነው ማለት ነው፤ ጥንታዊውን መልክ እንደያዘ የቆየ የጎን ቤተሰብ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ "በቃ፣ ነገሩ ፈረሰ" ይላል። ለእኔ ግን የበለጠ የሚታመን ሆነ። የቤተሰብ ታሪክ እንዲህ ነው። ያንተ ቅድመ አያት ፎቶ ቢጠፋ የእህቷ ፎቶ ስለ ፊቷ ብዙ ይነግርሃል። እህቷ ደግሞ ከእሷ በኋላ ብዙ ዓመት ልትኖር ትችላለች።

ጣቶችስ? ጄኒ ክላክ የተባለችው እንግሊዛዊት ተመራማሪ በ1987 ወደ ግሪንላንድ ሄዳ የአካንቶስቴጋን አጽም ይዛ መጣች። አካንቶስቴጋ እግርም ጣትም አለው። የፊት እግሩ ላይ ያሉት ጣቶች ግን ስምንት ናቸው። እግሩ ደግሞ ለመቅዘፍ እንጂ የብስ ላይ ቆሞ አካል ለመሸከም አይመችም። ስንጥብም ነበረው። ስለዚህ እግር የተፈጠረው የብስ ላይ ለመሄድ ተብሎ አይደለም። ዓሣ ውኃው ደርቆበት፣ እየተጎተተ፣ እግር እያወጣ ሄደ የሚለው የድሮ ተረክ ተገለበጠ። እግር አረም በሞላበት ውኃ ውስጥ ለውኃ ኑሮ መጣ፤ የብስ ላይ የጠቀመው በኋላ ነው። ዝግመተ ለውጥ ወደፊት አያይም። ያለውን ነው የሚጠቀመው።

ይህን በደንብ የሚያሳየው ሌላው ነገር እዚሁ ጆሯችን ውስጥ አለ። ተማሪ ሳለን መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉ ሦስት ትንንሽ አጥንቶችን ስም ሸምድደናል። ከየት እንደመጡ ግን የነገረን ሰው አልነበረም። እንሽላሊት ጆሮው ውስጥ አንድ አጥንት ብቻ ነው ያለው። የታች መንጋጋው ደግሞ ከብዙ አጥንቶች የተሠራ ነው። እኛ አጥቢዎች በተቃራኒው የታች መንጋጋችን አንድ አጥንት ነው፣ ጆሯችን ሦስት። የጎደሉት የመንጋጋ አጥንቶች የት ገቡ? ጆሮ ውስጥ።

ነገሩን መጀመሪያ የጠረጠሩት ቅሪተ አካል አይተው አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ራይኸርት በ1837 የእንስሳት ጽንሶችን እየመረመረ ሳለ መዶሻና መስፍ የሚሆኑት ክፍሎች ከመንጋጋው ጋር አብረው ሲጀምሩ አየ። የሰው ጽንስም ላይ እንዲሁ ነው። ጥያቄው ግን ከባድ ነበር። የመንጋጋ ማጠፊያ የሆነ አጥንት ማጠፊያነቱን ትቶ ወደ ጆሮ ሲሄድ እንስሳው በመሃል በምን ያኝካል? አፉ ተንጠልጥሎ ይቀራል እንዴ?

መልሱን ሞርጋኑኮዶን ሰጠ። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ፣ አይጥ የሚያክል እንስሳ ነው። ዌልስና ቻይና ውስጥ ተገኝቷል። መንጋጋው በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ማጠፊያ አለው። አሮጌው አለ፣ አዲሱም አለ፤ ጎን ለጎን ይሠራሉ። አዲሱ ሥራውን ሲረከብ አሮጌው ነፃ ወጣ። አሮጌዎቹ አጥንቶች ድሮም ቢሆን ድምፅ ያስተላልፉ ነበር፤ አሁን ሥራቸው እሱ ብቻ ሆነ፣ እየቀጨጩም ሄዱ። አሁን ሙዚቃ ስትሰሙ የሚንቀጠቀጡት ሁለቱ አጥንቶች ዘር ማንዘራቸው የሚያኝክ አፍ ነው። መሃል ላይ የተራበ፣ አፉን መዝጋት ያቃተው ምስኪን እንስሳ አልነበረም።

እዚህ ላይ "ክፍተቱስ?" የሚል አንባቢ ይኖራል። ክፍተት አለ፤ ብዙ። ዳርዊን በ1859 መጽሐፉን ሲያወጣ ትልቁ ጭንቀቱ ይኸው ነበር፤ የአለቱ መዝገብ ጎዶሎ ነው ብሎ በግልጽ ጻፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1861፣ ጀርመን ውስጥ ከዞልንሆፈን የኖራ ድንጋይ አርኪዮፕተሪክስ ወጣ። ላባ ያለው፣ ጥርስ ያለው፣ ረጅም አጥንታም ጅራት ያለው፣ የክንፉ ጣቶች ላይ ጥፍር ያለው። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ቻይና ውስጥ ሊያውኒንግ ከሚባለው ግዛት ፀጉር መሰል ላባ የለበሱ ዳይኖሰሮች ተከታትለው ወጡ። ስለ ወፍ ብዙ አልልም፤ ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ክፍተቱ የሚገርም አይደለም። የሚገርመው ምንም መትረፉ ነው። አንድ እንስሳ ሲሞት ጅብና አሞራ ይበሉታል፣ ነፍሳት ይጨርሱታል፣ ፀሐይና ዝናብ አጥንቱን ይሰነጣጥቁታል። ቅሪተ አካል ለመሆን በፍጥነት በደለል መሸፈን አለበት። ከዚያ ማዕድን ያዘለ ውኃ አጥንቱ ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል። ከዚያ አለቱ ሳይቀልጥ፣ ሳይጨፈለቅ ሚሊዮን ዓመታት ማለፍ አለበት። በመጨረሻም ልክ አንድ ሰው በሚያልፍበት ጊዜ ገጽ ላይ ብቅ ማለት አለበት። አንድ ክረምት ቢቀድም ገና ተቀብሯል፣ ጥቂት ክረምት ቢዘገይ ጎርፍ ወስዶታል።

ዕድሜውን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል፤ "ማን ለካው?" የሚል ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁና። ብዙ ሰው ዕድሜው በካርቦን የሚለካ ይመስለዋል። ካርቦን 50,000 ዓመት ገደማ ካለፈ አይሠራም። ሚሊዮኖችን የሚለኩት አጥንቱን ራሱን ሳይሆን ከላይና ከታች ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ባሉ ክሪስታሎች ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ጨረር አመንጪ ዓይነት ነው፤ በታወቀ ፍጥነት ይፈርሳል፣ ከፊሉም ወደ አርጎን ይለወጣል። የዚህ ዓይነቱ ፖታሲየም ግማሹ ለመፍረስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። የአርጎኑ መጠን ሲለካ አመዱ መቼ እንደወደቀ ይታወቃል። ከዚህ ጋር ምንም የማይገናኝ ሌላ ማስረጃ ደግሞ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። ጆን ዌልስ የተባለ ተመራማሪ በ1963 የጥንት ኮራሎችን በማጉያ አየ። ኮራል በየቀኑ ስስ መስመር ይጨምራል፤ በየዓመቱም ወፈር ያለ ምልክት ይተዋል። በዴቮኒያን ዘመን፣ ቲክታሊክ በኖረበት ዘመን፣ በነበሩት ኮራሎች ላይ የአንድ ዓመት መስመር 400 ገደማ ሆነ። የምድር መሽከርከር በጨረቃ ስበት ምክንያት ቀስ እያለ እንደሚቀንስ የሥነ ፈለክ ሰዎች አስልተው ነበር፤ በዚያ ዘመን ቀኑ አጭር፣ በዓመት ያሉት ቀናትም 400 ገደማ መሆን ነበረባቸው። ኮራሉና ስሌቱ ተገናኙ።

አሁን ወደ ራሳችን ወገን።

የሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሊቃውንት ሰውን ሰው ያደረገው አእምሮው ነው ብለው ስላመኑ መጀመሪያ የተለወጠው አእምሮ መሆን አለበት ብለው ጠበቁ። በ1912 እንግሊዝ አገር ፒልትዳውን ላይ ትልቅ ራስ ቅልና የዝንጀሮ መሰል መንጋጋ "ሲገኝ" ብዙዎች በደስታ ተቀበሉት። ልክ የፈለጉት ነበር። ሬይመንድ ዳርት በ1925 ከደቡብ አፍሪካ ይፋ ያደረገውን የታውንግ ሕፃን ራስ ቅል ግን አልተቀበሉም። አእምሮው ትንሽ ነበርና። ኅብለ ሰረሰሩ ወደ ራስ ቅሉ የሚገባበት ቀዳዳ ግን ከሥር በኩል ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ፍጡር ምልክት ነው። በ1953 ፒልትዳውን ሆን ተብሎ የተቀነባበረ ማታለል መሆኑ ተረጋገጠ። የሰው ራስ ቅልና የዝንጀሮ ወገን መንጋጋ አጋጥመው፣ ጥርሱን ሞርደው፣ ቀለም ቀብተው ነው። ያጋለጡትም የሳይንስ ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

በ1974 ኅዳር ላይ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ድንቅነሽን አገኙ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ከአጽሟ 40 በመቶ ገደማ አለ። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጉልበቷና ዳሌዋ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር ይመሰክራሉ። የዝርያዋ አእምሮ ግን የእኛን ሲሶ ቢያክል ነው። አራት ዓመት ቆይቶ ታንዛኒያ ውስጥ ላቶሊ ላይ በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የታተመ የእግር ዱካ ተገኘ። 3.66 ሚሊዮን ዓመት፤ ተረከዝና አውራ ጣቱ በግልጽ የሚታይ። ነገሩ አለቀ። መጀመሪያ ቆመን ሄድን። አእምሮ ብዙ ቆይቶ ነው ያደገው።

ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲቂቃ ላይ በ2000 ያገኛት ሰላም ደግሞ የድንቅነሽ ዝርያ ሕፃን ናት። ሦስት ዓመት ገደማ ናት። አጥንቷ በጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ተይዞ ስለነበር ድንጋዩን ለማንሳት ዓመታት ወሰደ፤ ይፋ የሆነችው በ2006 ነው። እግሯ የተራማጅ ነው። የትከሻ አጥንቷ ግን የጎሪላን ይመስላል፤ ዛፍ መውጣት ለሚችል ክንድ የሚመች። ከወገብ በታች አንድ ታሪክ፣ ከወገብ በላይ ሌላ። ፓኪሴተስ ላይ ያየነው ነገር እዚህም መጣ። ከሷ በፊት ደግሞ አርዲ አለች፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት። ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በ1994 አራሚስ ላይ የእጇን አጥንት ቁራጭ አገኘ። አጥንቷ ሲነኩት የሚፈረፍር ስለነበር አጽሟ ይፋ እስኪሆን 15 ዓመት ፈጀ። የላይኛው ዳሌዋ ቆማ ትሄድ እንደነበር ይጠቁማል። የእግሯ አውራ ጣት ግን እንደ እጅ አውራ ጣት ተለይቶ ቅርንጫፍ ይጨብጣል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ለዓመታት ስም ሳይወጣላት የቆየች የእግር ቁራጭ ናት። በ2012 ዮሐንስ ኃይለሥላሴና ባልደረቦቹ ከወራንሶ ሚሌ፣ ቡርተሌ ከሚባል ቦታ፣ ስምንት የእግር አጥንቶች ይፋ አደረጉ። ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። ልክ በድንቅነሽ ዝርያ ዘመን፣ በዚያው በአፋር። አውራ ጣቱ ግን እንደ አርዲ የሚጨብጥ ነው። የድንቅነሽ ዝርያ እግር አይደለም። ሁለት ዓይነት በሁለት እግር የሚሄዱ ፍጡራን፣ አንዱ በእኛ መንገድ አንዱ በራሱ መንገድ፣ በአንድ አካባቢ በአንድ ዘመን ይኖሩ ነበር።

ቲሸርት ላይ የሚታተመውን፣ ከጎበጠው ጦጣ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ላይ የሚያልቀውን ሰልፍ የማልወደው ለዚህ ነው። ሰልፉ ፊት ያሉት ሁሉ ለኋለኛው መሰላል እንደነበሩ ያስመስላል። የቡርተሌው ባለቤት መሰላል አልነበረም። ዛፉን ያውቃል፣ መሬቱን ያውቃል፣ ልጆቹን አሳድጓል። "ሰው ከዝንጀሮ መጣ ትላላችሁ" የሚለው ክርክርም ከዚሁ ሰልፍ የመጣ ነው። ቅሪተ አካላቱ የሚሉት ዛሬ ካሉት ዝንጀሮዎች መጣን አይደለም። ቺምፓንዚና እኛ ከአንድ የጥንት ወላጅ ተለያይተን እያንዳንዳችን የየራሳችንን መንገድ ሄድን ነው። ቺምፓንዚም እንደኛው እኩል ዘመን ተጉዟል።

የቺምፓንዚን መንገድ ግን የምናውቀው በጣም ጥቂት ነው። ዝናባማ ጫካ አጥንት አያቆይም፤ አፈሩ አሲድ አለው፣ ያሟሟዋል። የመጀመሪያው የቺምፓንዚ ቅሪተ አካል ይፋ የሆነው በ2005 ነው፤ ኬንያ ውስጥ የተገኙ ጥቂት ጥርሶች፣ ዕድሜያቸው ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ገደማ። በእኛ በኩል ከቻድ የመጣው፣ ቱማይ የሚባለው የ7 ሚሊዮን ዓመት ራስ ቅል አለ፤ ቆሞ ይሄድ ነበር አልነበረም እያሉ እስከዛሬ ይከራከሩበታል። በነዚያ ጥርሶችና በመለያያችን መካከል በቺምፓንዚ በኩል ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እኔ የምጠብቀው ቀጣይ ዜና እሱን ነው። አንድ ቀን አንድ ቦታ፣ አመድ ቶሎ የሸፈነው የጫካ ዳር ተገኝቶ፣ ከውስጡ የቺምፓንዚ ቅድመ አያት እጅ ወይም እግር ቢወጣ ምን እንደሚመስል ማየት በጣም እፈልጋለሁ። በጉልበት አጥንቱ ይሁን በአውራ ጣቱ፣ የትኛው ክፍሉ ቀድሞ እንደተለወጠ ማወቅ እፈልጋለሁ።